ትምህርቱ በሬዲዮ፣ ልጁ ከብት ጥበቃ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀናት እንዲዘጉ አዲስ አበባ ላይ ሲወሰን ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር፤ የደብረ ዘይት በዓል ሊውል ሳምንት አልቀረውም። ውሳኔው ከደረሰባቸው ቦታዎች አንዷ ሰላ ድንጋይ፣ ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ የምትገኝ የሞጃና ወደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ መቀመጫቸው አድርገዋት ስለነበር በሸዋ ታሪክ ስሟ ይነሣል፤ ዙሪያዋ ግን ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ በግ የሚረባበት፣ ጠዋት ጋቢ ሳይደርቡ የማይወጣበት የገበሬ አገር ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የትምህርት ቤት ደወል ብዙ ጊዜ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው። ጥበቃው በብረት ሲመታው ድምፁ ገደል ተሻግሮ ይሰማል፤ ገና መንገድ ላይ ያለው ልጅ ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መሮጥ ይጀምራል። ሰልፍ አለ፣ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ ያረፈደ በር ላይ ይንበረከካል፤ ረፍት ሲደርስ ሴቶቹ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ፣ ወንዶቹ የጨርቅ ኳስ ይጫወታሉ። ያ ሁሉ በአንድ ቀን ውሳኔ ቆመ። 15ቱ ቀን ደግሞ ሰባት ወር ሆነ።

በአገር አቀፍ ደረጃ ከ26 ሚሊዮን የማያንስ ተማሪ ቤት ዋለ። ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ቢሮዎች ያበጁት መላ ለአንደኛ ደረጃ ሬዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ቴሌቪዥን ነበር፤ አቅም ያላቸው የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ማስታወሻና የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልኩ ጀመር። በችኮላ የተሠራ ሥራ ነበርና ሐሳቡን ያመነጩትን መውቀስ አይገባም። ይሁን እንጂ በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያለው ቤተሰብ ከሦስት አንድ እንኳ አይሞላም ነበር፤ የገጠሩ ከዚያም ያንሳል። ሬዲዮ ባለበትም ቤት ባትሪ ድንጋይ ይገዛል፣ የተገዛው ድንጋይ ደግሞ ለማታው ዜና ይቆጠባል። ድንጋዩ ቢተርፍ እንኳ ትምህርቱ በሚተላለፍበት ሰዓት ልጁ በጎቹን ይዞ ሜዳ ወርዷል። በሰላ ድንጋይና በመሰሎቿ የርቀት ትምህርት የሚባለው ነገር በአብዛኛው ይህን ይመስል ነበር፦ ትምህርቱ አየር ላይ፣ ልጁ ግጦሽ ላይ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጊዜ ሲወራ የሚነሣው ያመለጠው ትምህርት ነው፤ ስንት ምዕራፍ ቀረ፣ ስንት ልጅ ማንበብ ረሳ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት ለምን ወረደ ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በልጆቹ አካልና ስሜት ላይ የደረሰውን ያስረሳል፤ የጉዳቱንም ምክንያት ያምታታል። መምህሩ ከልጁ መራቁና ልጁ ከትምህርት ቤቱ ግቢ መራቁ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልጆቹን በአካልና በመንፈስ የጎዳቸው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን እኛ ኢትዮጵያውያን ከኮሮና በፊት ሞክረነዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ሲሰጥ፣ ፕላዝማ ያልነው ያ ስክሪን ላይ የሚታየው መምህር ከተማሪው በሺሕ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ነበር፤ ትምህርቱ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ነው። በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ አይጠየቅም፣ ያልገባውን አይጠብቅም። የክፍሉ መምህር ሲጀመርና ሲያልቅ በተሰጠችው ጥቂት ደቂቃ የሸሸውን ነገር ለመያዝ ይሯሯጣል። ተማሪ አልገባኝም አለ፣ መምህራን ተከፉ፣ ወላጅ አማረረ፤ ቅሬታው ሁሉ ግን የትምህርት ጥራት ቅሬታ ነበር። ልጆቹ ብቸኛ ሆኑ፣ ከሰው ሸሹ፣ ከሱ ያለ አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሁሉም አንድ ዴስክ ላይ ተጠጋግተው ነበር የሚቀመጡት፤ በፕላዝማው መምህር አነጋገር አብረው ይስቃሉ፣ ያልገባቸውን ከጎረቤታቸው ይቀዳሉ፣ ሲደወል አብረው ይወጣሉ። መምህሩ ቢርቅም ልጆቹ አብረው ነበሩ።

በ2012 የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከተማና ገጠር ላይ አንድ ዓይነት አልነበረም። ከከተማው እንጀምር። በአዲስ አበባ በኮንዶሚኒየም ወይም በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት ያለ ልጅ ወራቱን ያሳለፈው በአራት ግድግዳ መካከል፣ ዓይኑን ከስልክ ሳያነሣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ላብ የሚያመጣ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድና የረፍት ሰዓት ሲቀሩ የከተማ ልጅ ይህን የሚያገኝበት ቦታ የለውም። በቻይና ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር በፌይቼንግ ከተማ ከ120 ሺሕ በላይ ልጆች ዓይናቸው በየዓመቱ ይለካ ስለነበር ቤት መዋል ያመጣው ለውጥ በግልጽ ታይቷል፦ ከ6 ዓመት ልጆች መካከል ሩቅ ማየት የተሳናቸው ቀደም ባሉት አምስት ዓመታት ከ5.7 ከመቶ በላይ ሆነው አያውቁም ነበር፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ግን 21.5 ከመቶ ደረሱ። ዓይን ለሩቅ እይታና ለቀን ብርሃን የተሠራ ነው፤ ሁለቱም ሲነፈጉት ይረዝማል፣ የረዘመ ዓይን ደግሞ ተመልሶ አያጥርም። የአጥንቱ ነገርም ከዚህ አይርቅም። ከኮሮና ብዙ ቀደም ብሎ በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ በሚማሩ ልጆች ላይ የተደረገ ጥናት ከከተማዎቹ ልጆች 60 ከመቶ ገደማ የቫይታሚን ዲ እጥረት ሲያገኝባቸው፣ ከገጠሮቹ ያገኘባቸው ከአምስት አንዱን ያህል ብቻ ነበር። ፀሐይ በሞላበት አገር የፀሐይ እጥረት መኖሩ ይገርማል፤ ግን ፀሐዩ የሚጠቅመው የሚወጣበትን ልጅ ነው።

ይህን የሰማ ሰው የሰላ ድንጋዩ ልጅ ታዲያ ተጠቀመ ሊል ይችላል። ሜዳ ውሎ፣ ፀሐይ ሞቆ፣ ሲሮጥ ይመሻል፤ ዓይኑም ከሸንተረር ወዲያ ያለችውን በግ ለይቶ ያያል። እዚህ ላይ ነው አንዱ ቦታ የተጠና ነገር ለሌላው እንደማይሆን የሚታየው። በደጋው ልጅ ላይ የመጣው ችግር መቀመጥ ሳይሆን ሥራ ነው። በገበሬ ቤት ትምህርት ቤት የሚሰጠው አንድ ትልቅ ነገር ማንም በመጽሐፍ ያልጻፈው ነው፤ የልጁን የሥራ ሰዓት ይገድባል። ፈረቃው ከሰዓት በፊት ከሆነ ልጁ ከብት የሚጠብቀው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ አባቱም ይህን አምኖ ከጎረቤት ጋር እረኛ ይቀባበላል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ገደቡ ተነሣ። ሰባቱ ወር ደግሞ እንደ ክፉ አጋጣሚ የበልጉን አረምና አጨዳ፣ የመኸሩን እርሻና ዘር፣ ክረምቱን በሙሉ የያዘ ነበር። በዘጠኝ ዓመቱ ሙሉ ቀን በብርድና በዝናብ ከብት ኋላ የዋለ ልጅ እንቅስቃሴ አላነሰውም፤ ያነሰው ዕረፍት ነው። የሴቷ ልጅ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ማገዶ በጠፋበት ደጋ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው። ኩበቱን የምትለቅመው እርሷ፣ እበቱን የምትጠፈጥፈው እርሷ፣ ውሃውን የምትቀዳው እርሷ፣ ታናሿን አዝላ ጭሱ ዓይኗን እያቃጠላት ምጣድ ሥር የምትቀመጠው እርሷ ናት። ትምህርት ቤት ሳለች ቢያንስ ግማሽ ቀን ንጹሕ አየር ትተነፍስ ነበር።

የምግቡ ጉዳይ አጭር ነው፤ ግን መዝለል አይቻልም። ሰላ ድንጋይ ያለችበት አማራ ክልል በ2011 ዓ.ም. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቹ 41 ከመቶው የመቀንጨር ችግር የታየበት ክልል ነው፤ በጊዜው የአገሪቱ አማካይ 37 ነበር። አዲስ አበባ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪዎች ምገባን በስፋት የጀመረችው ትምህርት ቤቶቹ ከመዘጋታቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብላ ነበር፤ ሲዘጉ ገበታው አብሮ ታጠፈ። በገጠር ሰሜን ሸዋ አብዛኛው ልጅ ድሮም ገበታ የለውምና የተነጠቀው ነገር ያለ አይመስልም። ነገር ግን ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ቁርሱን ቀማምሶ፣ ቆሎ ኪሱ ጨምሮ ነው ከቤት የሚወጣው፤ እናቱም ሰዓቱን ታውቀዋለች። እረኛው ያገኘውን ባገኘበት ሰዓት ይበላል።

ስለ ስሜት ስንመጣ ማስረጃው የተሻለ ነው፤ ከአገራችንም ይገኛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትምህርት ቤቶች ከመዘጋታቸው በፊት ያገኟቸውን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከተከፈቱ በኋላ ደግመው ጠየቋቸው። የሒሳብ እውቀታቸው ሊያድግ የሚገባውን ያህል አላደገም፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። የማይጠበቀው ሌላው ነው፤ ከሰው ጋር መግባባትን፣ በራስ መተማመንን፣ ያልገባን መጠየቅን በሚመለከቱ ጥያቄዎች ላይ ልጆቹ የሰጡት መልስ ከቀድሞው ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ የገጠርና የድኻ ቤተሰብ ልጆች ላይ ደግሞ ጎልቶ ታየ። ከሰው መግባባት የሚችለው ልጅ በሒሳቡም የተሻለ መሆኑን ያው ጥናት አሳይቷል። ይህን ለመረዳት አንድ የረፍት ሰዓት ማየት ይበቃል። ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ልጅ መስመር ረግጣለች አልረገጠችም በሚል ትከራከራለች፤ ትሸነፋለች፣ ታኮርፋለች፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያው ድንጋይዋን ይዛ ትመለሳለች። ከእኩያ ጋር ተጣልቶ መታረቅ በቀን ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ልምምድ ነው፤ ታላቅ ወንድምም ሆነ እናት ሊያስተምሩት አይችሉም፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ልጁ ወይ ታዛዥ ነው ወይ አዛዥ። እኩያ ያለው ትምህርት ቤት ነው። በሌላው ዓለምም ውጤቱ ተመሳሳይ ሆኗል፦ ከ80 ሺሕ በላይ ልጆችና ወጣቶች የተካተቱባቸውን 29 ጥናቶች አንድ ላይ የመረመረ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ትንተና ከአራቱ አንዱ የድብርት፣ ከአምስቱ አንዱ የጭንቀት ምልክት እንዳለበት ገምቷል፤ ከወረርሽኙ በፊት ከነበረው እጥፍ ያህል ነው።

ወደ ሴት ልጆች ስንመለስ አካልና ስሜት ተለያይተው የሚቆጠሩ አይደሉም። በ2012 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ነው፤ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወር ከጥቂት ቀን። ከፋሲካ በኋላ ያለው ጊዜ በአማራ ገጠር የሠርግ ወራት መሆኑን ለአገሬው ሰው መንገር አያስፈልግም። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ ሕጉን ቀበሌ ድረስ የሚያደርሰው ግን ብዙ ጊዜ መምህሩ፣ የክፍል ጓደኛዋና የሴቶች ክበቡ ናቸው። አንዲት ሰላማዊት ሦስት ቀን ብትቀር ለምን ተብሎ ይጠየቃል፤ ሽማግሌ ተልኮ እንደሆነ ከእናቷ በፊት ጓደኛዋ ታውቃለች። ሬዲዮ ግን ማን እንዳላዳመጠው አያውቅም። በዚያ ወቅት በአማራ ክልል በመቶዎች የሚቆጠሩ የልጅነት ጋብቻዎች እንዲቋረጡ መደረጉ በባለሥልጣናት ተነግሯል፤ ሳይደረስባቸው ያለፉት በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። እዚህ ላይ ለእኔ ከሁሉ የሚመዝነው ማስረጃ የመጣው ከሴራሊዮን ነው። በ2014 እና 2015 እ.ኤ.አ. በኢቦላ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ትምህርት በሬዲዮ ይሰጥ ነበር። ብራክ የተባለው ድርጅት በአንዳንድ መንደሮች የልጃገረዶች ክበብ አቋቁሞ ነበር፤ ተመራማሪዎች ክበብ ያላቸውንና የሌላቸውን መንደሮች አነጻጸሩ። ክበብ በሌላቸውና ወረርሽኙ በበረታባቸው መንደሮች ሳያገቡ የሚያረግዙ ልጃገረዶች በዙ፣ ወደ ትምህርት የተመለሱትም ቀነሱ። ክበብ በነበራቸው ግን ጉዳቱ በእጅጉ ቀለለ። ሬዲዮው ለሁሉም ያው ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው ልጃገረዶቹ ተሰባስበው የሚውሉበት ቤትና የምትመለከታቸው አንዲት ታላቅ ሴት ነበሩ።

የመጀመሪያው ተቃውሞ የሚመጣው ከቴክኖሎጂ ወዳጆች ነው። ሰላ ድንጋይ ላይ የሆነው መዘጋት እንጂ የርቀት ትምህርት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ታብሌት፣ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ኔትወርክ ቢኖር ነገሩ ሌላ ነበር ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ያልደረሰ ትምህርት ጎዳ ተብሎ አይከሰስም። ነገር ግን ሁሉ ነገር የተሟላላቸውን እንይ። ሆላንድ በኢንተርኔት ዝርጋታ ከዓለም ግንባር ቀደሞች አንዷ ናት፤ ትምህርት ቤቶቿ የተዘጉት ለ8 ሳምንት ብቻ ነው። ቢሆንም በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎቿ ላይ የተደረገው ጥናት ልጆቹ ቤት ሆነው የተማሩት ከምንም የማይቆጠር መሆኑን፣ ወላጆቻቸው ብዙ ባልተማሩ ልጆች ላይ ደግሞ ጉዳቱ እስከ 60 ከመቶ መብለጡን አሳየ። የፌይቼንግ ልጆችም ስክሪን አላነሳቸውም፤ ዓይናቸውን የወሰደው ቤት መዋሉ ነው። የድብርትና የጭንቀት ጥናቶቹም በአብዛኛው የተሠሩት ኔትወርክ በማይቋረጥባቸው አገሮች ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሲሟላ የሚቀንሰው የትምህርቱ ኪሳራ ነው፤ እርሱም በከፊል። የአካሉና የስሜቱ ኪሳራ መሣሪያ የሚመልሰው አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ የሚያነሡትም ትምህርት ቤቶቻችንን በደንብ የሚያውቁ ናቸው። የምታወድሰው ግቢ የትኛው ነው? አለንጋ የሚወዛወዝበት፣ መጸዳጃ ቤቱ በር የሌለው፣ ሰባ ልጅ አንድ ክፍል የሚታጎርበት፣ ሴት ልጅ መንገድ ላይ የምትለከፍበት አይደለም ወይ? ያንግ ላይቭስ የተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት በኢትዮጵያ ከጠየቃቸው የ8 ዓመት ልጆች 38 ከመቶው ባለፈው ሳምንት መምህር እንደመታቸው ተናግረዋል። የወር አበባ ሲመጣ ውሃ በሌለው ግቢ ከመዋል ቤት መቅረትን የምትመርጥ ልጅ አለች። ለእነዚህ ልጆች መዘጋቱ ዕረፍት ሆኖላቸው ቢሆን አይደንቅም፤ ይህን መካድ ክርክሩን ማርከስ ነው። ነገር ግን በትምህርት ቤት የሚመታ ልጅ ቤት ሲውል ከዱላ ያመለጠ ሰው አድርገን እናስበው ዘንድ ምን ማስረጃ አለን? ገቢ የቀረበት አባት፣ የተጨነቀች እናት፣ ሥራ የበዛበት ቤት ለልጅ የሚያስተርፉት ትዕግሥት ትንሽ ነው። የመምህር ዱላ የሚታይ ነው፤ የሚከሰስበት ቦታ፣ የሚከለክለው መመሪያ፣ የሚመሰክር አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ አለ። የቤቱን የሚያይ የለም። መጥፎ ግቢ የሚሻሻል ነገር ነው፤ ግቢ ከሌለ ግን የሚሻሻልም አይኖርም።

አንድ ነገር በቅንፍ ላንሣ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ ብዙ ሰው ጣቱን ወደ ኮሮና ቀሰረ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ ውጤት የዓመታት ስንክሳር ነው፤ ለሰባት ወር መዘጋት ብቻ ማሸከም ሌላውን ሁሉ ነፃ ማውጣት ይሆናል። ቁጥሩ ስለ ፈተና ስለሚናገርም የዚህ ጽሑፍ ማስረጃ አይደለም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን የዛሬ ነው፤ ሰላ ድንጋይንም ከቅርብ ይነካታል። ኮሮና ሲረግብ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ከገጠሩ ጀምሮ በየደረጃው ተከፈቱ፤ ልጆቹ በፈረቃ ተመለሱ። ዓመት አልፎ ብዙ ሳይቆይ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደቡብ ወርዶ በኅዳር 2014 እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለችው ደብረ ሲና ደረሰ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከዚያ ወዲህ ባለው ግጭት በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑ ልጆች ቁጥር ከ4 ሚሊዮን በላይ መድረሱን የክልሉ ትምህርት ቢሮና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በተለያየ ጊዜ ገልጸዋል። የሚነሣው ክርክር እንዲህ ነው፦ ትምህርት ቤት ራሱ የጦርነት ዒላማ በሆነበት፣ መምህር በሚገደልበት ጊዜ ልጆችን አንድ ቦታ ሰብስቡ ማለት ምን ማለት ነው? ቤታቸው ሆነው በስልክና በሬዲዮ ቢማሩ አይሻልም ወይ? ተኩስ ባለበት ቀንና ቦታ መልሱ አዎን ነው፤ የልጅ ሕይወት ከየትኛውም ክርክር ይበልጣል። ግን ሁለት ነገር ይታይ። ግጭት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠፋው ያ ተስፋ የተጣለበት ኔትወርክ ነው፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። ተኩስ የሌለባቸው ቀናት ደግሞ ተኩስ ካለባቸው ይበዛሉ። በእነዚያ ቀናት ልጆቹ ገበያ ይወጣሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ፣ ከብት ይጠብቃሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ። ከሰው ጋር እንዳይሰበሰቡ የተከለከሉት ለመማር ሲሆን ብቻ ነው። በድምፅ የደነገጠ፣ ሌሊት የሚባንን ልጅ ከምንም በላይ የሚያስፈልገው የተለመደ የቀን ሥርዓትና እኩያ መሆኑ በግጭት አካባቢ ከልጆች ጋር የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች የሚስማሙበት ነው።

ልጆችን ያለ ትምህርት ቤት ግቢም አሰባስቦ ለማስተማር ደግሞ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአብነት ትምህርት ለዘመናት የኖረው ያለ ሕንፃና ያለ በጀት ነው። የቆሎ ተማሪ ከእናት ከአባቱ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ለምኖ ይማራል፤ ጎጆው ጠባብ፣ ኑሮው ከባድ ነው፤ ልጅን ከቤቱ ያን ያህል ማራቅን የምደግፍ አይደለሁም። ሥርዓቱ ግን የማይደራደርበት አንድ ነገር አለው፤ ተማሪ ብቻውን አይማርም። መምህሩ የሚደርሰው ለጥቂቱ ነው፤ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፣ የታመመውን ጓደኛው ያስታምመዋል፣ የጠፋውን ይፈልገዋል። የትምህርት ቢሮዎቻችን ከዚህ የሚወስዱት ቀላል ነው። ግቢው በተዘጋ ጊዜ ሬዲዮውን ለቤተሰብ ከማደል አንድ ሬዲዮ ለአሥር ልጅ፣ በመንደሩ ውስጥ፣ ከሚታወቅ ሰው ጋር ማዋል ይቻላል። ሰውየው የተመረቀ መምህር መሆን የለበትም፤ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱ ከከብት ጥበቃውና ከውሃ መቅዳቱ ጋር ተስማምቶ ይወሰን፤ ግማሹ ሰዓት ለትምህርት፣ ግማሹ ለጨዋታ ይሁን። ስም ይጠራ። የቀረች ልጅ ካለች በዚያው ቀን ለምን እንደቀረች ይጠየቅ።

ወጪው ብዙ ነው የሚል ካለ ይህን ከታብሌት ዋጋ ጋር ያስላው። የሚከብደው ገንዘቡ አይደለም፤ ከትምህርት ቢሮ፣ ከጤና ቢሮና ከሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ማን ኃላፊ እንደሚሆን መወሰኑ ነው። ስሜትና አካል የማንም መሥሪያ ቤት ሥራ ስላልሆኑ ትምህርት ሲቋረጥ ሪፖርት የሚደረገው የምዕራፍ ብዛት ብቻ ነው። ለሰሜን ሸዋ ዞን ሆነ ለክልሉ የሚቀጥለው የአደጋ ጊዜ የትምህርት ዕቅድ ሲጻፍ፣ ከስርጭቱ ሰዓትና ከመሣሪያው ብዛት በፊት የየመንደሩ ልጆች የሚሰበሰቡበት ቦታና የሚጠብቃቸው ሰው ስም ይስፈርበት።